ለወንጌል አገልግሎት ጃፓን ለሚሄድ ሰው፦ ከቪዛ እስከ ቆሻሻ ቀን

ጃፓን ገብታችሁ መጀመሪያ የምትፈተኑት በቆሻሻ አጣጣል ነው። ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ስብከታችሁን ከመስማቱ በፊት ፌስታላችሁን ያያል። የማክሰኞውን ሰኞ ማታ ካወጣችሁ፣ ሌሊት ደግሞ ጮክ ብላችሁ ከጸለያችሁ፣ ስለ እናንተ የሚያስበው ነገር በዚያው ያልቃል። ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ግን የለም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ስብከት ብዙ አያወራም። ከላኪ ቤተ ክርስቲያናችሁ ተመርቃችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትገቡ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሠራ ነው የምጽፈው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳትነሱ

ጃፓን ለሃይማኖት አገልጋዮች ራሱን የቻለ የመኖሪያ ፈቃድ አላት። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ "እዚያው እናስተካክላለን" የሚባል ነገር እርሱት። መጀመሪያ ጃፓን ያለው ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ድርጅት ለኢሚግሬሽን ያመለክትና የብቁነት ማረጋገጫ ያወጣላችኋል። እሱን ይዛችሁ ኤምባሲ ቪዛ ትጠይቃላችሁ። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለ3 ወር ነው፤ ትኬቱን በዚያ ልክ አስቡት። ፈቃዱ ለ3 ወር፣ ለ1፣ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይሰጣል።

ይህ ፈቃድ ለአገልግሎት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ፣ ለምሳሌ ቋንቋ ትምህርት ቤት ማስተማር፣ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። በቤተሰብ ቪዛ የገባ ባል ወይም ሚስት ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል።

ሻንጣ ላይ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን አትሸከሙ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፤ የእኛ ምጣድ እዚያ አይግልም። ቋንጣም አትያዙ፤ የምርመራ ሰርተፍኬት የሌለው ሥጋ፣ ደርቆም ቢሆን፣ አይገባም። ድርቆሹን ቋንጣ ሳይገባበት አሠሩት። በርበሬና ሽሮ ግን በደንብ ቋጥሩ፤ ትፈልጉታላችሁ።

2. የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

ናሪታን፣ ሃኔዳን ወይም ካንሳይን በመሰለ ትልቅ አየር ማረፊያ ከገባችሁ የመኖሪያ ካርዱን እዚያው ይሰጧችኋል። ካርዱ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ይዞ መገኘት ግዴታ ነው። ቤት ከያዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ወደ አካባቢው ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻ አስመዝግቡ። በዚያው ቀን የጤና መድኑን ጨርሱ። መድን ያለው ሰው ከሕክምናው ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው 30 በመቶ ነው። ከ20 እስከ 59 ዓመት ያለ ነዋሪ ደግሞ ጡረታ ውስጥም ይመዘገባል። "እኛ እኮ በመዋጮ የምንኖር አገልጋዮች ነን" ማለት ከመመዝገብ አያድንም፤ ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ግን ቅናሽ ስለሚኖር እዚያው መስኮት ላይ ጠይቁ።

3. ቤት

ለውጭ ሰው ማከራየት የማይወድ ባለቤት አሁንም አለ፤ አትከፉ። ተቀባይ ቤተ ክርስቲያናችሁ ቢፈልግላችሁ ይቀላል። ከኪራዩ ሌላ መያዣ፣ ለባለቤቱ የማይመለስ "የምስጋና" ክፍያ፣ የደላላ እና የዋስትና ድርጅት ክፍያ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ላይ የብዙ ወር ኪራይ የሚያክል ገንዘብ በአንዴ ይወጣል። ላኪዎቻችሁ ይህን ቀድመው ይወቁት፤ ደርሶ እርዱን ማለት አያምርም።

ቤቱ ባዶ ነው ሲባል ባዶ ነው። መጋረጃ የለም፣ ምድጃ የለም፣ ብዙ ጊዜ የጣሪያ አምፖል እንኳ የለም። ጋዝ የሚከፈተው ባለሙያው መጥቶ እናንተም ቤት ስትኖሩ ነውና ቀጠሮውን ከመግባታችሁ በፊት ያዙ። ያለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን ሻወር በቀዝቃዛ ውኃ ነው።

በሩ ላይ ዝቅ ያለችው ቦታ ጫማ ማውለቂያ ናት። ጫማችሁን ስታወልቁ በካልሲ እሷን አትርገጡ፤ በቀጥታ ከፍ ወዳለው ወለል ውጡ። ጫማውን አፍንጫው ወደ በሩ እንዲያይ አዙሩት። የሣር ምንጣፍ ያለበት ክፍል በነጠላ ጫማም አይገባም። መጸዳጃ ቤት የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፤ እሱን ተጫምቶ ሳሎን መምጣት የሁሉም እንግዳ ዕጣ ስለሆነ ቢደርስባችሁ አብራችሁ ሳቁ።

4. ጎረቤት ጋ ሂዱ

እኛ አገር አዲስ ገቢን ነባሩ ነው ቡና ጠርቶ የሚቀበለው። ጃፓን ግን ሄዶ ራሱን የሚያስተዋውቀው አዲስ የመጣው ነው። በገባችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በራቸውን አንኳኩ። ግቢ ቤት ከሆነ ከግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቤቶችና ፊት ለፊት ያሉትን ሦስቱን። አፓርታማ ከሆነ ግራና ቀኝ፣ ከላይና ከታች።

ባዶ እጅ አይኬድም። ከ500 እስከ 1,000 የን የሚያወጣ፣ የታሸገ ፎጣ፣ ብስኩት ወይም የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ውድ ስጦታ ሰውየውን ዕዳ ውስጥ ይከተዋል፤ መመለስ አለበትና። አራት አራት የታሸገ ነገር አትግዙ፤ አራት ቁጥር ከሞት ጋር ስለሚያያዝ ይጠላል። ንግግሩ አጭር ነው፦ ስም፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ልጅ ካላችሁ "ሊረብሿችሁ ይችላሉ፣ ይቅርታ" ማለት። ጎንበስ ብሎ መሄድ። ቤት ግቡ ካላሏችሁ ቅር አይበላችሁ፤ በር ላይ ነው የሚያልቀው።

ሥራችሁን ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፦ "የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነን።" አንዳንዶች መጀመሪያ "አስተማሪ ነኝ" ብሎ በኋላ ቀስ እያሉ መግለጥ ይሻላል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በ1995 ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን የቶኪዮ ምድር ባቡር ላይ መርዝ ጋዝ ከለቀቀ ወዲህ ሃይማኖት የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስፈራል። በ2022 ደግሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ፣ ተኳሹ እናቱ ዩኒፊኬሽን ቸርች ለተባለው የሃይማኖት ድርጅት በሰጠችው ገንዘብ ቤተሰቡ መበተኑን ተናገረ፤ ፍርሃቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። በዚህ አገር ማንነቱን ደብቆ የሚቀርብ የሃይማኖት ሰው ከሁሉ የከፋው ነው። ተናገሩ፤ ከፎጣው ጋር ግን በራሪ ጽሑፍ አትጨምሩ። ያን ቀን ጎረቤት ብቻ ናችሁ።

ለማውራት መንገድ ከፈለጋችሁ ደግሞ አበበ ቢቂላ አለላችሁ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ኢትዮጵያ ስትሏቸው "አበበ!" ይላሉ። በ1964 የቶኪዮ ማራቶንን አሸንፎ፣ ሳይደክመው ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩት አይረሱትም።

5. ቆሻሻ

ማዘጋጃ ቤት ስትመዘገቡ የቆሻሻ የቀን መቁጠሪያ ይሰጧችኋል። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። የሚቃጠል፣ የማይቃጠል፣ የፕላስቲክ ማሸጊያ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ፣ ወረቀት፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው። ከከተማ ከተማ ይለያያልና የጓደኛችሁን ሕግ አትከተሉ። አንዳንድ ከተማ ሱፐርማርኬት ከሚሸጠው የከተማው ፌስታል ውጭ አይወስድም።

አንድ ሃይላንድ እንዴት እንደሚጣል ልንገራችሁ፣ ሌላውን ከእሱ ትገምታላችሁ። ክዳኑን ታወጣላችሁ። ዙሪያው ላይ ያለውን ፕላስቲክ ትልጣላችሁ። ክዳንና ልጣጩ ወደ ፕላስቲክ ማሸጊያው ይሄዳል። ጠርሙሱን በውኃ ታለቀልቃላችሁ፣ ትጨፈልቃላችሁ፣ ለሱ በተመደበው ቀን ታወጣላችሁ። የወተት ካርቶን ደግሞ ታጥቦ፣ በመቀስ ተዘርግቶ፣ ደርቆ፣ ከሌሎቹ ጋር በገመድ ታስሮ ነው። መጀመሪያ ያናድዳል። በኋላ ሌላ አገር ስትሄዱ ጠርሙስ ሳታለቀልቁ መጣል ያስጨንቃችኋል።

ሰዓቱ ብዙ ቦታ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ በእነሱ አጠራር 8 ሰዓት። ማታ ማውጣት የለም። ቁራዎች አሉ፤ የጃፓን ቁራ ፌስታል ቀዶ የበላችሁትን ሁሉ መንገድ ላይ ይዘረግፈዋል። ፌስታሉን የቆሻሻ ቦታው ላይ ካለው መረብ ሥር አስገቡና ጠርዙን መልሱት። ስህተት ከሆነ ሠራተኞቹ ምክንያቱን የሚናገር ወረቀት ለጥፈውበት እዚያው ይተዉታል። ሰፈሩ ሁሉ እያየው ይውላል። ያን ጊዜ ሳታቅማሙ መልሳችሁ ወደ ቤት ውሰዱት።

የቆሻሻ ቦታውን የማጽዳት ተራ ካለ ተራችሁን አትለፉ፤ ከተቻለ ቀድማችሁ ተገኙ። የሰፈሩ ማኅበር ማስታወቂያ ከቤት ወደ ቤት የሚያዞርበት ሰሌዳም ይደርሳችኋል። ማንበብ ባትችሉ እንኳ ፈርማችሁ ወዲያው ለቀጣዩ ቤት አድርሱ። እናንተ ጋ ካደረ መላው መንገድ ይጠብቃል። ቆሻሻ ሲጠርጉ ከጎናችሁ የሚቆሙት አዛውንት ከአንድ ዓመት በኋላ "ለምን መጣችሁ?" ብለው ይጠይቋችኋል። ያን ጥያቄ ሳንጠየቅ መልስ መስጠት ነው የብዙዎቻችን ችግር።

6. ድምፅ

የእኛ ጸሎት ድምፅ አለው። የጃፓን የእንጨት አፓርታማ ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። የቤት ውስጥ አዳር ጸሎት፣ ከበሮ፣ እልልታ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሁሉም አይሆንም። ቅሬታው ወደ እናንተ አይመጣም። ጎረቤት ለአከራይ ድርጅቱ ይናገራል፤ ድርጅቱ ስም ሳይጠራ "ሰሞኑን የድምፅ ቅሬታ ደርሶናል" የሚል ወረቀት በየፖስታ ሳጥኑ ይከታል። ያን ወረቀት ካያችሁ "ስለ ሌላ ሰው ነው" አትበሉ።

ድምፅ አውጥቶ መጸለይ የግድ ለሚለው መፍትሔ አለ። ካራኦኬ ቤት ክፍል በሰዓት ይከራያል፤ ድምፅ አይወጣም፣ ቀን ላይ ርካሽ ነው። ጥሩምባ የሚለማመዱ ሰዎች የሚሄዱበት የወንዝ ዳርም አለ። ባቡር ውስጥ ግን ስልክ አይነሳም።

ቡና ስትቆሉም ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ጠቋሚ አስቡ። ማራገቢያውን ክፈቱ፣ ዕጣኑን ቀንሱ፣ ጎረቤት በረንዳ ላይ ልብስ አስጥቶ እንደሆነ ቀድማችሁ ተመልከቱ።

7. ቋንቋ

ብዙ ላኪ ድርጅቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለቋንቋ ብቻ ይመድባሉ። የእናንተ ላኪ ይህን የማይቀበል ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሆኖ ምን ፍሬ አፈራ?" የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ኒኮላይ የተባለውን የሩሲያ ኦርቶዶክስ መነኩሴ ታሪክ ንገሩት። በ1861 የጃፓን ከተማ ወደሆነችው ሃኮዳቴ ገብቶ ቋንቋውንና ታሪኩን ሲያጠና ኖረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ያጠመቀው በ1868 ነው፤ አንዱ በጥላቻ ሊጣላው የመጣ ሳሙራይ ነበር። በ1891 ቶኪዮ ላይ የተመረቀው ካቴድራል ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል።

ፊደል ለቆጠረ አበሻ ጅማሮው አይከብድም። ሂራጋና እና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው፤ እንደ እኛው አንዱ ምልክት አንድ ቀለም ነው። በአንድ ወር ጨርሷቸው። ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣ ጽሕፈት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ለዕለት ተዕለት ንባብ የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንጂ በዘመቻ አይያዙም።

8. "አይሆንም" የማይል ሰው

ወደ ፕሮግራም ጋብዛችሁ "እናስብበታለን" ወይም "ትንሽ ይከብዳል…" ካሏችሁ አበቃ። ደግማችሁ አትጠይቁ። እኛም "እሺ፣ እመጣለሁ" ብለን የምንቀር ሰዎች ስለሆንን ልንረዳው ይገባል። ሦስት ጊዜ "በሞቴ" ማለት ግን እዚያ ፍቅር ሳይሆን ጫና ነው። ምግብ ላይም እንዲሁ፤ ጉርሻውን ለቤታችሁ።

ቤት ከተጋበዛችሁ ትንሽ ስጦታ ያዙ። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ አትትከሉ፣ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም ምግብ አትቀባበሉ፤ ሁለቱም የቀብር ሥርዓት ናቸው። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሾርባ ውስጥ ጭምር ይገባል። ጥሬ ዓሣውን ግን፣ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ስንበላ ያደግን ሰዎች ባንጠየፈው ይሻላል። መጠጥ ቤት ከጠሯችሁ ሂዱ፤ የማይጠጣ ሰው ኡሎንግ ሻይ ያዛል፣ ማንም አይደነቅም። የሌላውን ብርጭቆ ሙሉለት፣ የራሳችሁን እሱ ይሞላላችኋል።

9. ቤተ ክርስቲያን ውስጥ

ክርስቲያኑ ከሕዝቡ 1 በመቶ አካባቢ ነው። ሃያ ሠላሳ ሰው የሚሰበሰብባት፣ አብዛኛው ሽማግሌ የሆነባት ጉባኤ ብርቅ አይደለችም። አምልኮው በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ያልቃል፤ ስብከት 30 ደቂቃ ከተባለ 30 ነው። ስብሰባ ላይ አዲስ ሐሳብ አታቅርቡ። አስቀድማችሁ እያንዳንዱን ሽማግሌ ለብቻው አነጋግሩ፤ ስብሰባው ያለቀውን ነገር ማጽደቂያ ነው።

ለልጆች ፕሮግራም የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በ2022 መጨረሻ ላይ የጤና ሚኒስቴሩ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ የልጆች በደል ላይ መመሪያ አውጥቷል፤ ልጅን በገሃነም ማስፈራራት እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል።

10. ለቅሶ

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ፈተና። ጎረቤት ሲሞትበት መሄድ አለባችሁ፤ መቅረት ከቆሻሻውም የባሰ ነው። ሥርዓቱ ግን ብዙ ጊዜ የቡድሂስት ነው፣ ዕጣን ማጠንም አለበት። ካቶሊኮች ዕጣኑን እንደ አክብሮት ምልክት ይቀበሉታል። አብዛኞቹ ወንጌላውያን አያጥኑም። እናንተ ምን እንደምታደርጉ ሰው ሳይሞት በፊት ከጃፓናዊው መጋቢያችሁ ጋር ወስኑ። ሰልፉ ውስጥ ቆሞ ማሰብ አይቻልም።

መጀመሪያ የለቅሶ ገንዘብ የሚከተትበት ፖስታ ግዙ፤ ሰፈር ያለው ሱቅ ይሸጠዋል። በጥቁርና ነጭ ክር የታሰረውን ውሰዱ፤ የሎተስ አበባ ሥዕል ያለበት የቡድሂስት ብቻ ነው። ለጎረቤት 3,000 ወይም 5,000 የን ይበቃል። ብሩ አዲስ አይሁን፤ አዲስ ብር "ሞቱን ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ነበር" ያስመስላል። አዲስ ብቻ ካላችሁ አንዴ አጥፉት። ስማችሁን ከፊት በታች በኩል ጻፉ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከራባት፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የሌለበት። መቀበያው ጋ ስትደርሱ ጽሑፉ ወደ ተቀባዩ እንዲዞር አድርጋችሁ በሁለት እጅ ስጡ፣ መዝገቡ ላይ ስምና አድራሻ ጻፉ።

ተራችሁ ሲደርስ ቤተሰቡን ጎንበስ ብላችሁ ተሳለሙ፣ ወደ ፊት ቅረቡ። የማታጥኑ ከሆነ እጃችሁን አጣምራችሁ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሌላው ሰው ለማጠን የሚወስደውን ያህል ቁሙና ስለ ሐዘንተኞቹ በልባችሁ ጸልዩ። እንደገና ጎንበስ ብላችሁ ተመለሱ። ማንም አይቆጣም። የሚያስቆጣው እዚያው ቆሞ ለምን እንደማታጥኑ ማስረዳት ነው። ጮኾ ማልቀስ፣ ደረት መምታት የለም። ስትወጡ ለመንጻት የሚረጭ ጨው የያዘ ትንሽ ከረጢት ቢሰጧችሁ ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ መጠቀም ግዴታ አይደለም።

ከለቅሶው በኋላ ቤታቸው ስትሄዱም የቤተሰቡ መሠዊያ ጋ ሊወስዷችሁ ይችላሉ። እዚያም ያው ነው። ስለ ሟቹ ጠይቁ፤ ፎቶውን ያሳዩአችኋል፣ ረጅም ያወራሉ።

ይህን ሁሉ የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሊጠመቅ የሚያስብ ጃፓናዊ፣ በተለይ የበኩር ልጅ፣ የሚጨነቀው "የወላጆቼን መቃብር ማን ይጠብቃል? እኔስ የት እቀበራለሁ?" ብሎ ነው። ከ99 በመቶ በላይ ሰው አስከሬኑ ይቃጠላል፣ አመዱ የቤተሰብ መቃብር ይገባል። ስለዚህ ጉባኤያችሁ የጋራ መቃብር እንዳለው ቀድማችሁ እወቁ። ከሌለው ይህን ጉዳይ አጀንዳ ማድረግ ከአዲስ የድምፅ ማጉያ ይቀድማል።

11. መሬት ሲንቀጠቀጥ

የአደጋ ቦርሳ በር አጠገብ ይኑር፦ ውኃ፣ ባትሪ፣ የመኖሪያ ካርድ ቅጂ፣ መድኃኒት። መሸሻችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። አምቡላንስና እሳት 119፣ ፖሊስ 110። የ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚታሰብበት ሴፕቴምበር 1 (በእኛ ነሐሴ 26) አካባቢ ሰፈሩ ልምምድ ሲያደርግ አትቅሩ። ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።

12. ለዕረፍት ስትመለሱ

ላኪዎቻችሁ ቁጥር ይጠይቃሉ። ስንት ሰው ዳነ? እውነተኛውን ቁጥር ስጡ፤ ዜሮ ከሆነ ዜሮ። የሰዎችን ፎቶ ሳታስፈቅዱ ሪፖርት ላይ አታውጡ፤ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን የማያውቅለት ሰው አለ።

ከ1 ዓመት በታች የምትቆዩ ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ተመልሳችሁ እንደምትገቡ የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ዘንግታችሁት ከወጣችሁ ፈቃዳችሁ አብሮ ይጠፋል። ለጎረቤትም ከመቼ እስከ መቼ እንደማትኖሩ ንገሩ። ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ቤት ለየብቻ የታሸገ ነገር ይዛችሁ ግቡ። ቡና በጣም ይወዳሉ፣ ግን ጥሬውን አትስጡ። ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ትንሽ ትንሽ አሽጉት፤ ከበሮ የማይመታበት አፓርታማ ውስጥ ብረት ምጣድ ላይ ቡና የሚቆላ እናንተ ብቻ ናችሁ።